ስለ ደም መርጋትና ስለ ካንሰር ሕመምተኞች

ደም በሰውነታችን ውስጥ ሁለት ተግባር ይጠበቅበታል። በደም ሥር ውስጥ ሳለ ሳያቋርጥ መፍሰስ አለበት፤ ቆዳችን በተቆረጠ ጊዜ ደግሞ ፈጥኖ መርጋት ይኖርበታል። ሳይረጋ ቢቀር ሰው በቁስል ምክንያት ደሙ ፈስሶ ሊሞት ይችላል። በማይገባው ስፍራ ቢረጋ ግን ያው ጠባቂ የነበረው ጠላት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ ያሰብሁት ይህ ሁለተኛው አደጋ በካንሰር ሕመምተኞች ላይ ለምን እንደሚበዛና እንዴት ለመከላከል እንደሚቻል ነው። ርዕሱን የመረጥሁትም ሰው ስለ ዕጢው ብዙ ሲናገር ስለ ደሙ ግን ዝም ሲል ስለ ሰማሁ ነው። ካንሰር ስልም ሳንባ ነቀርሳ ከምንለው ተላላፊ በሽታ የተለየ መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

የደም ሥር ግድግዳ ሲቆስል ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ተሰብስበው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ቀጥሎም በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ በመጨረሻ ፊብሪን የተባለው ክር ይሠራል፤ ክሩም እንደ መረብ ሆኖ የደም ሕዋሳትን ይይዛል። ደም ያለ ቦታው የሚረጋባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ እነዚህም በጀርመናዊው ሐኪም በሩዶልፍ ፊርኾ ስም ይጠራሉ። አንደኛው የደሙ ፍሰት መዘግየት፥ ሁለተኛው የደም ሥሩ ግድግዳ መጎዳት፥ ሦስተኛው የደሙ ጠባይ ለመርጋት ማዘንበል ነው።

በካንሰር ሕመምተኛ ላይ ሦስቱም ሊገናኙ ይችላሉ። ሰውየው ስለሚደክም ይተኛል፤ ዕጢውም የደም ሥርን ሊጫን ይችላል፤ ስለዚህ ፍሰቱ ይዘገያል። ቀዶ ሕክምናና አንዳንዱ መድኃኒት የደም ሥሩን ግድግዳ ይጎዳሉ። የዕጢው ሕዋሳት ደግሞ ደምን የሚያረጋ ነገር ያመነጫሉ። ይህን ዝምድና በ1865 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በፓሪስ ያስተማረው ፈረንሳዊው ሐኪም አርማን ትሩሶ ነው። የሚያሳዝነው ግን እርሱ ራሱ ያው ምልክት በገዛ ሰውነቱ ላይ ታየበትና በ1867 ዓ.ም. በጨጓራ ካንሰር ሞተ።

የረጋ ደም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእግር ውስጥ ባሉት ጥልቅ ደም መላሽ ሥሮች ነው። ከዚያ ቢነቀል በልብ በኩል አልፎ የሳንባን ደም ሥር ይዘጋል፤ ይህም በድንገት ሊገድል ይችላል። በሰፈራችን አንዲት እናት ካንሰር በሚታከሙበት ጊዜ አንድ እግራቸው አበጠ። ጎረቤቶች «ብርድ ነው፤ ይታሽ» አሉ። ልጃቸው ግን እሺ ሳትል ወደ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው፤ በአልትራሳውንድ ሲመረመሩም የረጋ ደም ተገኘባቸው። ወጌሻ ለወለምታ ቢረዳም፥ እንዲህ ያለውን እግር ማሸት የረጋውን ደም ሊያስነቅለው ስለሚችል አደገኛ ነው።

መከላከያው ምንድን ነው? የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ነው። የሚችል በየጊዜው ይራመድ፤ የማይችልም ተኝቶ ሳለ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ። ለሕክምና ከሩቅ አገር በአውቶቡስ የሚመጣ ሕመምተኛም በየማረፊያው ወርዶ እግሩን ያፍታታ። ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ትልቅ የሆድ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት የካንሰር ሕመምተኛ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ከሄፓሪን ወገን የሆነ መርፌ እስከ አራት ሳምንት ድረስ ያዝዛሉ።

ታዲያ መድኃኒቱ ለሁሉም ለምን አይሰጥም? ምክንያቱም መርጋትን የሚከለክል መድኃኒት መድማትን ያመጣልና። በካናዳ ተደርጎ በ2019 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የታተመ ጥናት የሁለቱን ሚዛን ያሳያል። ጥናቱ የተደረገው ለደም መርጋት ይበልጥ በተጋለጡና ኬሞቴራፒ በጀመሩ ሕመምተኞች ላይ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ አፒክሳባን የተባለውን ኪኒን ከወሰዱት ከመቶ 4.2፥ ካልወሰዱት ግን ከመቶ 10.2 ደም ረጋባቸው። ብርቱ መድማት የደረሰባቸው ደግሞ ከወሰዱት ከመቶ 3.5፥ ካልወሰዱት ከመቶ 1.8 ነበሩ። ስለዚህ ሐኪሙ የዕጢውን ዓይነት፥ የደሙን ምርመራና የሰውየውን ክብደት አይቶ ለማን እንደሚገባ ይወስናል። የጨጓራና የቆሽት ካንሰር ያለባቸው ይበልጥ ከሚያሰጉት መካከል ናቸው። ሕመምተኛውም አስፕሪን ወይም የባህል መድኃኒት የሚወስድ እንደ ሆነ ለሐኪሙ መደበቅ አይገባውም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች! ሐኪም በቀን ጥቂት ደቂቃ ቢያይ ነው፤ ከሕመምተኛው ጋራ የምንውለውና የምናድረው እኛ ነን። ስለዚህ ሁለቱን እግሮች እያስተያየን እንመልከት። አንዱ ቢያብጥ፥ ባቱን ቢያመው ወይም ቢግል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንውሰደው። ትንፋሹ በድንገት ቢያጥር፥ ሲተነፍስ ደረቱን ቢወጋው፥ ደም ቢያስለው ወይም ራሱን ቢስት ግን አንድ ሰዓት እንኳ መጠበቅ አይገባም። ይህን ማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሕይወት ግን ሊያድን ይችላል።