አናሎግ በጉልበት አይገባም

ተለማማጇ፦ ጋሼ፣ አናሎጉ የታተመው የጥርስ ሞዴል ቀዳዳ ውስጥ እስከ ታች አልገባልኝም። ትንሽ ልጫነው?

ጋሼ፦ ተዪው። በጎን ባለው መስኮት እይውማ፤ ማረፊያው ላይ ደርሷል?

ተለማማጇ፦ አልደረሰም። የፀጉር ያህል ክፍተት ይታያል።

ጋሼ፦ አናሎግ እኮ አጥንት ውስጥ ላለው ኢምፕላንት ወኪል ነው። ከፍ ብሎ ከቀረ ላዩ ላይ የሚሠራው ክራውንም ሞዴሉ ላይ ከፍ ይላል። አንቺ ልክ ላድርገው ብለሽ ትሞርጂዋለሽ። አፍ ውስጥ ሲታሰር ከተቃራኒው ጥርስ ጋር አይገናኝም።

ተለማማጇ፦ ታዲያ ቀዳዳውን ላስፋው?

ጋሼ፦ እሱማ የባሰ ነው! ካሰፋሽው ይነቃነቃል፣ ይዞራልም። የተፈጥሮ ጥርስ ሥሩን የያዘው ጅማት ስላለ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ኢምፕላንትን ግን የያዘው አጥንቱ ራሱ ነው። የተዛባ ሥራ ብትሰጪው ዞር አይልልሽም፤ ጫናው ብሎኑ ላይ ያርፋል።

ተለማማጇ፦ ቀዳዳውን ምን አጠበበው?

ጋሼ፦ ብዙ ጊዜ ውስጡ የቀረ ሬዚን ነው። በአይሶፕሮፒል አልኮል አጥበሽ በአየር ካልነፋሽው፣ ዩቪ ማጠንከሪያው ውስጥ ሲገባ ግድግዳው ላይ ይደርቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ተለማማጇ፦ እሱንስ በደንብ አጥቤ ነፍቼዋለሁ።

ጋሼ፦ እንግዲያው ፋይሉን ክፈቺ። ፕሮግራሙ በአናሎጉና በግድግዳው መካከል የሚተወው ክፍተት አለ። ለአንዱ ሬዚን የሚበቃው ለሌላው ይጠባል፤ ፕሪንተሩም የራሱ ጠባይ አለው። ስለዚህ 0.02፣ 0.04 እና 0.06 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያላቸው ቀዳዳዎች ያሉት ትንሽ መሞከሪያ አትሚ። ልክ እንደ ሞዴሉ አጥበሽና አጠንክረሽ አናሎጉን በየተራ አስገቢበት።

ተለማማጇ፦ የቱን ልምረጥ?

ጋሼ፦ በጣት ግፊት ብቻ ማረፊያው ላይ የሚያደርሰውን፣ ካረፈም በኋላ የማያነቃንቀውንና የማያዞረውን። ቁጥሩን ከሬዚኑ ስም ጋር መዝግቢ። ሬዚን ስትቀይሪ እንደገና ትሞክሪያለሽ።

ተለማማጇ፦ ሙጫስ ልጨምርበት?

ጋሼ፦ ከታች የሚታሰር ብሎን ካለው ምን ያደርግልሻል? ማረፉን ሳታረጋግጪ ብትለጥፊው ስህተቱን ነው የምታጣብቂው።

ተለማማጇ፦ ይሄኛው ሞዴልስ?

ጋሼ፦ ይጣላ! ክፍተቱን አስተካክለሽ ሌላ አትሚ። የባከነው ሬዚን ታካሚው ለሁለተኛ ጊዜ ከሚቀጠር ይሻላል።