ጠበልና መርፌ፤ ስለማይለቅ በሽታና ስለ ፈውስ የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው የጥያቄና መልስ መርሐ ግብር ላይ ስም ሳይጻፍባት በብጣሽ ወረቀት የቀረበች አንዲት ጥያቄ ነበረች። «የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ጠበል ሲጠመቅ መርፌውን መተው አለበት ወይ? ተጠምቆ ካልዳነስ እምነቱ ስለጎደለ ነው ወይ?» የምትል ናት። በዕለቱ ሰዓት ስላልበቃ መልሱን በጽሑፍ እንድናዘጋጅ ለእኛ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተሰጠን። አባቶችን ጠይቀን፣ መጻሕፍትን አገላብጠን፣ የጤና ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችንን አማክረን ያገኘነውን እነሆ እናቀርባለን።

ጥያቄዋ ከየት እንደመጣች ብዙዎቻችን እናውቃለን። ከአንኮበር ገጠር መጥታ እዚህ ደብረ ብርሃን የምትማር አንዲት እኅታችን ባለፈው ዓመት ወደ አንድ የጠበል ቦታ ሄዳ ነበር። እዚያ ያገኘቻቸው ሰዎች «መርፌ ይዞ ጠበል መግባት እግዚአብሔርን መፈታተን ነው» ስላሏት ኢንሱሊኗን ተወች። በሦስተኛው ቀን ትውከት ያዛት፣ ትንፋሿ ፈጠነ፣ ኋላም ራሷን ሳተች። በሰው ሸክም ሆስፒታል ደርሳ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች። ከዚህ ሁሉ የከበዳት ግን ከተመለሰች በኋላ የሰማችው ቃል ነው። «ንስሐ ያልገባሽበት ነገር ይኖር ይሆን?» ያሏት ጥቂቶች አይደሉም። ይህን እንድንጽፍ ራሷ ፈቅዳልናለች።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ትንሽ እንበል፤ ሳያውቁ መፍረድ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የሚባል ነገር ያመነጫል። የበላነው ምግብ ስኳር ሆኖ በደም ሲዞር ወደ ሰውነታችን ውስጥ የሚያስገባው ይኸው ኢንሱሊን ነው። በልጅነትና በወጣትነት በሚበዛው የስኳር በሽታ ዓይነት ቆሽት ኢንሱሊን መሥራቱን ያቆማል። ያን ጊዜ ሰውየው በልቶም ይራባል፤ ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም ስላልቻለ የራሱን ስብ ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደሙን ይመርዘዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በወራት ሳይሆን በቀናት ውስጥ ነው። እንግዲህ መርፌው ለእንዲህ ያለው ሰው ለእኛ እንደ ምግብና እንደ ውኃ ነው ማለት ይቻላል። እንክብል ብቻ የሚወስዱ፣ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ ሕመምተኞችም አሉ። እነርሱም ቢሆኑ መድኃኒታቸውን ቢያቋርጡ ጉዳቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ቀስ እያለ ይበላል።

ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ የተሰጠው በጥር ወር 1914 ዓ.ም. በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ከስቶና መንምኖ ይሞት ነበር፤ ወላጆቹም ከማልቀስ በቀር የሚያደርጉት አልነበራቸውም።

ይህ በሽታ በአገራችን ቤተ መንግሥትም ገብቷል። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ እንደተወለዱ ይነገራል። በጾምና በጸሎት የታወቁ፣ አብያተ ክርስቲያናትን ያሠሩ ሴት ነበሩ። የስኳር ሕመም ነበረባቸው፤ በመጨረሻም የአንጀት ተስቦ ተጨመረባቸውና መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ዐረፉ። ስለ አሟሟታቸው የሚወራው ብዙ ነው። አንዳንዱ የራስ ጉግሣ ወሌን መሞት ሰምተው ደንግጠው ነው ይላል። በወቅቱ አዲስ አበባ የነበሩ የውጭ አገር ዲፕሎማቶች ደግሞ በትኩሳት እየነደዱ ሳለ እጅግ በቀዘቀዘ ጠበል ውስጥ ስለተነከሩ ሰውነታቸው አልቻለውም ብለው ጽፈዋል። ወሬው እውነት ይሁንም አይሁን እኛ የምናስተውለው ሌላ ነገር ነው። እኚህን ንግሥት እምነት ጎደላቸው የሚል ሰው እስካሁን አልሰማንም። ታዲያ ለንግሥት ያልተባለው ለአንዲት የገጠር ተማሪ እንዴት ይባላል?

አባታቸው ዳግማዊ ምኒልክም አንደበታቸው እስኪዘጋ ድረስ ለዓመታት በሕመም ተይዘው ሳለ ከጠበሉም ከሐኪሙም አልራቁም ነበር።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ጥያቄው በይፋ መልስ አግኝቷል። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ የቫይረሱ ተሸካሚዎች በእንጦጦ ጠበል ይጠመቁ ነበርና ብዙዎቹ «ወይ ጠበሉን ወይ መድኃኒቱን ምረጥ» በሚል ሐሳብ ተጨንቀው ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ (ነፍሳቸውን ይማርልን) በ1999 ዓ.ም. መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአት አለመሆኑን፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለሆኑ እርስ በርሳቸው እንደማይጣሉ አስታወቁ። አሁንም ድረስ በየጠበሉ ከዚህ የተለየ የሚናገር ሰው ቢኖር የራሱን ሐሳብ እንጂ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት እየተናገረ አይደለም።

የቅዱሳት መጻሕፍትም ምስክርነት ይኸው ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 የታመመ ሰው እንዲጸልይ፣ ከበደሉ እንዲመለስ፣ መሥዋዕት እንዲያቀርብ ከነገረው በኋላ ለባለ መድኃኒቱም ቦታ እንዲሰጠው ያዝዛል። ሁለቱን በአንድ ምዕራፍ ነው ያስቀመጣቸው። ሕዝቅያስ አልቅሶ ጸልዮ 15 ዓመት በዕድሜው ላይ ተጨመረለት፤ ዳሩ ግን ያንኑ ተስፋ ያመጣለት ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (2ኛ ነገ. 20፥1-7)። እግዚአብሔር ያለ በለስ መፈወስ ተስኖት ነበርን?

«መፈታተን ነው» ለሚሉት ደግሞ ማቴዎስ ምዕራፍ 4ን እናስታውሳቸዋለን። ጌታን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር፣ መላእክት እንደሚያነሡት ጥቅስ ጠቅሶ የመከረው ማን ነበር? ጌታም ያን መወርወር እግዚአብሔርን መፈታተን ብሎ እምቢ አለ። መርፌን ጥሎ «እስቲ ያድነኝ» ማለት ከዚያ ጫፍ መዝለል ነው፤ መርፌውን ይዞ መጸለይ ግን በደረጃው እየጸለዩ መውረድ ነው።

«ድኛለሁና መድኃኒት አያስፈልገኝም» የሚልስ? ፈውስ መኖሩን እኛ አንክድም፤ የተፈወሱትንም እናከብራለን። ነገር ግን ጌታችን ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ለካህን እንዲታይ ላከው (ማር. 1፥44)። በሙሴ ሕግ ለምጽ መዳኑን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበረና። የደም ምርመራም እንዲሁ ነው። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፤ እኅታችንን ያቆሰላት ይህኛው ነውና። በኤፌሶን ከተማ ከቅዱስ ጳውሎስ አካል የተወሰደ ጨርቅ ሕመምተኞችን ይፈውስ እንደነበር የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ይነግረናል። በዚያችው በኤፌሶን እንዲቀመጥ የተዋት የሚወድደው ልጁ ጢሞቴዎስ ግን ሆዱን ያመው ነበር፤ ደግሞም በተደጋጋሚ። ጳውሎስ ምን ላከለት? ጨርቅ አይደለም። ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። የኤፌሶን ሰው የሆነውን ጥሮፊሞስንም እንደታመመ በሚሊጢን ትቶት መሄዱን በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20 ጽፏል። እርሱ ራሱም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ መውጊያው እንደሚወገድ አልነበረም። እንግዲህ እነዚህን ሦስት ሰዎች እምነት የጎደላቸው የሚል ይኖራልን? በአንድ ሐዋርያ እጅ፣ አንዱ ተፈወሰ፤ አንዱ ወይን ታዘዘለት፤ አንዱም ታሞ ቀረ። ምክንያቱን ሐዋርያው አልጻፈልንም፤ በሕመምተኞቹ ላይ ግን አላሳበበም።

የያዕቆብ መልእክት 5፥15 የእምነት ጸሎት ድውዩን እንደሚያድን ይናገራል፤ ይህ ጥቅስ ዘወትር በሕመምተኛው ላይ ይመዘዝበታል። እስቲ ከፍ ብለን ቁጥር 14ን እናንብብ። የሚጸልዩትና የሚቀቡት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ምሥጢረ ቀንዲልን የምትፈጽመውም በዚህ መሠረት ነው። ታማሚው ተኝቷል። በአራት ሰዎች ተሸክሞ የመጣውን ሽባም ጌታ የፈወሰው የተሸካሚዎቹን እምነት አይቶ ነው (ማር. 2፥3-5)። ስለዚህ የእምነት ጉድለት የሚመረመር ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጠያቂው ነው።

ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን በደለ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታ የሰጣቸውን መልስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ (ዮሐ. 9)። በዮሐንስ 5፥14 ለ38 ዓመት ሕመምተኛ ዳግመኛ እንዳይበድል መነገሩ ይጠቀስብን ይሆናል። ያን የተናገረው ልብን የሚያየው ጌታ ነው፤ እኛ ግን በወንበር ተቀምጠን የሰው ልብ አናይም።

ወደ ተግባሩ እንለፍ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በአንቀጽ 15 ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ያሳርፈዋል፤ ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር አይጹም። በጠበል ቦታ በባዶ ሆድ ስለሚጠመቁ የመርፌውን ሰዓትና መጠን ከመሄድ በፊት ሐኪም ያስተካክለው። ኢንሱሊን ሙቀትም ቅዝቃዜም ያበላሸዋል። እዚህ ደጋ በውርጭ ሌሊት በረዶ እንዳይሆን፣ ቆላ ሲወርዱም ፀሐይ እንዳያገኘው መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይሠራም።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በሉ። መርፌ ወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል፣ አንዳንዴም ይቆጣል፣ ይጮኻል። በጠበል ቦታ ይህን ያየ ሰው ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ ሊይዘው፣ ውኃም ሊያፈስስበት ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ መሆኑ ከታወቀ አስቀድሞ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ወይም ማር ማቅመስ ይገባል፤ ብዙዎቹ በሩብ ሰዓት ውስጥ ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ። ራሱን ስቶ መዋጥ ያቃተው ከሆነ ግን ምንም በአፉ ሳይጨምሩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው።

ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ለሚደረገው የሰንበት ትምህርት ቤታችን ጉዞ ከጤና ተማሪዎች መካከል ሁለቱ ተመድበዋል። የስኳር መለኪያ፣ የተበጠበጠ ስኳርና ብስኩት ይይዛሉ። (ብስኩቱ የጾም ነው አይደለም የሚል ክርክር ከወዲሁ ስለተነሣ፣ የጾም ተገዝቷል።) መድኃኒት የሚወስድ ማንኛውም ተጓዥ ሕመሙን ለእነርሱ ብቻ ይንገር፤ ለሌላ ሰው አይነገርም።