የዓሣ ቆዳ የሰውን ቆዳ ከእርጅና ያድናልን?

የፊቱ መጨማደድ የማያሳስበው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዘመናችን ከዓሣ ቆዳ፣ ቅርፊትና አጥንት ተጣርቶ የሚወጣው ኮላጅን የተባለው ነገር ከቅባት ጋር እየተደባለቀ፣ ወጣትነትን ይመልሳል እየተባለ ይሸጣል። እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ትንሹ ብልቃጥ በብዙ ገንዘብ ሲሸጥ ተመልክተናል። በዞናችንም የዳሰነች ወገኖቻችን ከኦሞ ወንዝና ከቱርካና ሐይቅ ዓሣ ያጠምዳሉ። እንግዲህ አንባቢ፣ «ከዓሣው የሚተርፈውን ጥራጊ ብንቀባው ይጠቅመናልን?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ማገር ጎጆን አጽንቶ እንደሚያቆም ሁሉ፣ ኮላጅንም ቆዳችንን አጽንቶ ይይዛል። ዕድሜ ሲገፋ ይሳሳል፤ የፀሐይ ጨረርና የትምባሆ ጢስም ያፈርሱታል። ይሁን እንጂ የዓሣው ኮላጅን ቅንጣቱ ግዙፍ ስለ ሆነ፣ በቆዳ ውስጥ ዘልቆ የፈረሰውን ማገር አይጠግንም፤ በላዩ ተቀምጦ እርጥበት እንዳይተን ይረዳል እንጂ። ይህንንማ ርካሹ ቫዝሊንም ይሠራዋል።

ጥሬውን ጥራጊ መቀባት ደግሞ ዝንብ ይጠራል፤ ተሕዋስያንም በስንጥቅና በቁስል ይገባሉ። በብራዚል አገር ሐኪሞች የቆሮሶ ዓሣን ቆዳ በቃጠሎ ቁስል ላይ መለጠፋቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ቆዳ አስቀድሞ በልዩ ዘዴ ከተሕዋስያን የጸዳ ነው።

የሐመር ሴቶች ቅቤና ቀይ አፈር ለውሰው ጠጉራቸውንና ገላቸውን ይቀባሉ። በናሚቢያ የሂምባ ሴቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናትም እንዲህ ያለው ቀይ አፈር የፀሐይን ጨረር በመጠኑ እንደሚከላከል አሳይቷል። ስለዚህ የእናቶችን ልማድ ሳይመረምሩ መናቅ አይገባም።

እንግዲህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ/ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ኀይለኛ ፀሐይ ጥላ ወይም ባርኔጣ አይለያችሁ።

2ኛ/ ፊታችሁን በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥባችሁ ቅባት ተቀቡ።

3ኛ/ ትምባሆ አታጭሱ።

4ኛ/ ፊት ያቀላል የሚባለውን፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ቅባት አትግዙ፤ በአንዳንዱ ውስጥ ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪ ይገኛል።

5ኛ/ የዓሣን ጥራጊ ከመኖሪያና ከውሃ አርቃችሁ በጕድጓድ ቅበሩ።

6ኛ/ አልድን ያለ የቆዳ ቁስል ሲኖር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጂንካ ሆስፒታል ሂዱ።

ሰውነታችን የራሱን ኮላጅን የሚሠራው ከምንበላው ምግብ ነው። ለብልቃጥ የሚወጣው ገንዘብ ለቤተ ሰብ ምግብ ቢውል ይሻላል፤ ዓሣም ከፊት ይልቅ በገበታ ላይ ይጠቅማል።