በቤታችን የምናዘጋጃቸው ማጽጃዎች፦ የሚቀላቀለውና የማይቀላቀለው



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ቤታችንንም ሆነ የማኅበራችንን መስገጃ ከጥግ እስከ ጥግ ማጽዳት ልማዳችን ነው። በዚህ ሰሞን አንዳንድ እህቶች «የኬሚካሉ ሽታ አስመረረን፤ በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ ብቻ ማጽዳት አይቻልም ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ኢንጂነር እንደመሆኔ የማውቀውን ላካፍላችሁ። መልሱ «ይቻላል፤ ግን…» ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያ «ግን» ነው።

አክስቴ እዚህ ሮም በሰው ቤት ስትሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ከሥራ ቦታዋ ደወለችልኝ። ሳሉ አላናግር አላት። ለካ ባኞ ቤቱን በበረኪና ስታጥብ ነጩ ቅርፊት አልለቅ ስላላት፣ በላዩ ላይ የቅርፊት ማስለቀቂያ አሲድ ደርባበታለች። በሩ ዝግ፣ መስኮቱም ጠባብ ነበር። ወዲያው የተነሣው ጋዝ ዓይኗንና ጉሮሮዋን አቃጠላት። አልሐምዱሊላህ፣ ቶሎ ወጥታ ተረፈች፤ ሌሊቱን ግን ሐኪም ቤት አደረች፣ ሳሉም ለሳምንታት አልለቀቃትም። «ሁለቱም ማጽጃ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ይበልጥ ያጸዳሉ ብዬ ነው» አለችኝ። ማንም አልነገራትም። ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔም እንኳ አልነገርኳትም ነበር።

መጀመሪያ ቆሻሻውን እንወቅ

የቤት ቆሻሻ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቧንቧና በመታጠቢያ ላይ የሚጋገረው፣ ጣሊያኖች ካልካሬ የሚሉት ነጭ ቅርፊት ነው። የሮም ውኃ አብዛኛው የሚመጣው በሪዬቲ አካባቢ ካለው የፔስኪዬራ ምንጭ ነው። ውኃው በኖራ ድንጋይ ተራሮች ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም ይዞ ይወጣል፤ ሲሞቅና ሲደርቅ ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይቀራል። ይህን የሚያሟሟው አሲድ ነው፤ ማለትም አቼቶ፣ ሎሚ ወይም ሲትሪክ አሲድ።

ሁለተኛው ቅባት ነው። ለቅባት አሲድ ብዙ አይረዳም። እሱን የሚፈታው የአሲድ ተቃራኒ የሆነው አልካሊ ነው፤ ማለትም ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጠንከር ሲል ደግሞ በየሱፐርማርኬቱ የሚገኘው ሶዳ ሶልቬይ። እናቶቻችን ቅባት የያዘ ዕቃ በአመድ ያሹ የነበሩትም ያለ ምክንያት አልነበረም። የእንጨት አመድ አልካሊ ነው።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ

ሁለቱን ስንቀላቅላቸው አረፋው ይፈላል፤ ብዙ ሰውም ኃይል ያገኘ ይመስለዋል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አሲዱና አልካሊው እርስ በርስ ተበላልተው የሚቀረው ትንሽ ጨው ያለበት ውኃ ነው። ጉዳት የለውም፣ ጥቅሙም ጥቂት ነው። በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ከተቀላቀሉ ግን ጋዙ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። ሳሙናና አቼቶም እንዲሁ አይስማሙም፤ አሲዱ ሳሙናውን ያቋጥረዋል፣ የማጽዳት ኃይሉንም ያጠፋዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ለየብቻው፣ ለየሥራው እንጠቀምበት።

አራት ቀላል አዘገጃጀቶች

1. ለቧንቧ፣ ለሻወርና ለሽንት ቤት መቀመጫ፦ 150 ግራም ሲትሪክ አሲድ በ1 ሊትር ውኃ ማሟሟት። በቅርፊቱ ላይ ረጭቶ 10 ደቂቃ ያህል መቆየት፣ ማሸት፣ በብዙ ውኃ ማጠብ። የውዱእ ቦታችንን ቧንቧዎች ያጸዳነው በዚህ ነው። ጨርቅ በፈሳሹ ነክሮ ቧንቧውን መጠቅለል ሥራውን ያቀልለዋል።

2. ላረረ ድስትና ለምድጃ፦ 3 ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በ1 ማንኪያ ውኃ ለውሶ መቀባት፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ማሸት። የአሉሚኒየም ዕቃን ያጠቁረዋልና በእሱ ላይ ባይቆይ ይሻላል።

3. ለመስታወት፦ 1 እጅ ነጭ አቼቶ በ4 እጅ ውኃ። በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ።

4. ቅባት ለያዘ የኩሽና ግድግዳና ንጣፍ፦ 1 ማንኪያ ሶዳ ሶልቬይ በ1 ሊትር ሙቅ ውኃ፣ ጓንት አድርጎ። ይህ ሶዳ ካውስቲካ ከሚባለው የተለየ ነው። ካውስቲካው ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል አደገኛ ነገር ስለሆነ ስሙን አይተን እንግዛ።

በአቼቶው ጠርሙስ ላይ «የወይን ጠጅ» ወይም «የአልኮል» የሚል ቃል አይታችሁ የተጠራጠራችሁ ካላችሁ፣ ፍርዱን ኡስታዞቻችንን ጠይቁ፤ እሱ የእኔ ሙያ አይደለም። በሙያዬ የምለው፣ ሲትሪክ አሲድ የአቼቶን ሥራ ያለ ሽታው ይሠራል። የተጠራጠረ ሰው ሥራው አይጓደልበትም።

እብነበረድን እንጠብቅ

ይህ በተለይ በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶች ነው። የሮም ቤቶች መስኮት ደፍና ደረጃ ብዙውን ጊዜ እብነበረድ ወይም ከቲቮሊ የሚመጣው ትራቨርቲን ነው። ሁለቱም የተሠሩት ልክ እንደ ነጩ ቅርፊት ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። አሲዱ ቅርፊቱን ከድንጋዩ አይለይም፤ ሁለቱንም ይበላል። አንድ የሎሚ ጠብታ እንኳ የማይለቅ ምልክት ይተዋል። ለእብነበረድ በአንድ ባልዲ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይበቃል።

ተፈጥሯዊ ማለት የማይጎዳ ማለት አይደለም

በአገራችን እናቶች ልብስ በእንዶድ ያጥቡ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ የተነሣው ጥናት እንዶድ ብልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አሳየ። እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስም በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ቀንድ አውጣ የሚገድለው እንዶድ ከጫካ የሚለቀም ፍሬ ነው። ሲትሪክ አሲዱም በሎሚ ውስጥ የሚገኝ ቢሆንም ዓይን ያቃጥላል። ሁሉም ከልጆች ይራቅ። በውኃ ወይም በጭማቂ ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ አናስቀምጥ፤ ስሙን በአማርኛም በጣሊያንኛም ጽፈን እንለጥፍበት።

አቼቶና ሎሚ ጀርም በመግደል በረኪናን እንደማይተኩም እንወቅ። ቤት ውስጥ ተላላፊ በሽታ የያዘው ሰው ካለ በረኪና ያስፈልጋል። 5 በመቶ የሆነውን 20 ሚሊ ሊትር ወስዶ ቀዝቃዛ ውኃ እየጨመሩ 1 ሊትር መሙላት በቂ ነው፤ ጥንካሬው ስለሚለያይ ጽሑፉ ይነበብ።

ፈጽሞ የማይቀላቀሉ

በረኪና የሚለው ቃላችን ራሱ ከጣሊያንኛው ቫሬኪና የመጣ ነው። እዚህ ግን በጠርሙሱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ካንዴጂና የሚል ነው። ይህን ስም ያየ ሰው የሚከተሉትን ያስታውስ፦

• ካንዴጂና ከማንኛውም አሲድ ጋር፣ ማለትም ከአንቲካልካሬ፣ ከአቺዶ ሙሪያቲኮ፣ ከአቼቶ፣ ከሲትሪክ አሲድ ጋር፦ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አክስቴን ያገኛት ይህ ነው።
• ካንዴጂና ከአሞኒያካ ጋር፦ ክሎራሚን የሚባል፣ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል።

አንድ ዓይነት ከተጠቀምን በኋላ ሌላ ካስፈለገ በመካከል በብዙ ውኃ እናጥብ፣ መስኮትም እንክፈት።

ስህተት ከተፈጠረ ዕቃውን ለማንሣት አንሞክር። ወዲያው ወጥተን ንጹሕ አየር እናግኝ፤ ዓይን ከነካ ለረጅም ጊዜ በሚፈስ ውኃ እንጠብ፤ 112 እንደውል። ሮም ውስጥ በጄሜሊ ሆስፒታል የመመረዝ ጉዳይ ማዕከል አለ፤ ለልጆች ደግሞ ባምቢኖ ጄዙ ሆስፒታል። ስንሄድ የጠርሙሶቹን ፎቶ ይዘን እንሂድ።

በመጨረሻ

አክስቴ ዛሬ ወደ ሥራ ስትሄድ የራሷን ሁለት ጠርሙስ ይዛ ትሄዳለች፤ በአማርኛ «ለቧንቧ» እና «ለቅባት» የሚል ተጽፎባቸዋል። ከበረኪናው ጎን ለጎን አታስቀምጣቸውም። እዚህ ተወልዳችሁ ጣሊያንኛ የምታነቡ ልጆች ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ እናታችሁ የምትጠቀምባቸውን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አንሥታችሁ አንብቡላት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያንን አሥር ደቂቃ ለአክስቴ ቀድሜ ብሰጣት ኖሮ ያቺን ሌሊት ሐኪም ቤት ባላደረች ነበር።

አላህ ቤታችንን ሰላም፣ ጤናችንንም የተጠበቀ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።