ሕመሙ በስንት ሰዓት ይነሳል?

ገላን ላይ፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት ፋብሪካዎች፣ በፈረቃ የሚሠራ ሰው የምግብ ሰዓቱ ይዛባል። ወገቡን ሲያመው ዳይክሎፌናክ የተባለ ማስታገሻ ይውጣል፤ ከእንብርቱ በላይ ሲያቃጥለው ደግሞ «ጨጓራዬ ተነሳ» ብሎ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ይገዛል። ሕመሙን ያመጣው የመጀመሪያው ክኒን ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው ሰው ግን አያገኝም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ሕመሙ የሚነሳበትን ሰዓት ያስተውሉ። ሕመሙን የሚያመጣው ቁስል ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ከሆነ ሆድ ባዶ ሲሆን ያቃጥላል፤ ሌሊት ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ጥቂት ሲቀምሱ ጋብ ይላል። ጨጓራው ራሱ ከቆሰለ ግን ብዙ ጊዜ ምግብ ያባብሰዋል፤ ሕመምተኛው መብላት ይፈራል፣ ይከሳል። ሁሉም ላይ እንዲህ ጥርት ብሎ አይታይም። በተለይ ማስታገሻ የሚያዘወትሩ አረጋውያን ደም እስኪፈሳቸው ድረስ ምንም ላያማቸው ይችላል።

በርበሬና ሚጥሚጣ የቆሰለን ሆድ ያቃጥላሉ እንጂ ቁስሉን አይፈጥሩም። ዋናው ምክንያት ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ይህን ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሌላው ምክንያት ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ናቸው፤ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚከላከለውን ሽፋን ያሳሳሉ።

ተልባና አብሽ ለጊዜው ቢያለሰልሱም ባክቴሪያውን አያጠፉም። ባክቴሪያው መኖሩ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ ይታወቃል፤ የደም ምርመራ የድሮውን ከአሁኑ አይለይም። ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ከሆነ ውጤቱን ሊያሳስት ስለሚችል አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ። ፀረ ባክቴሪያ ከታዘዘልዎ፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፣ ሻል ቢልዎትም ይጨርሱት፤ የተቋረጠ መድኃኒት ባክቴሪያውን ያለማምደዋል።

ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረና ከተጣበቀ (የብረት ክኒንም ያጠቁራል)፣ ትውከትዎ ደም ወይም የቡና አተላ ከመሰለ፣ ሲቆሙ ካዞረዎት፣ ወይም ሆድዎ በድንገት በኃይል ታሞ ከደረቀ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ። ምግብም ማስታገሻም ሳይወስዱ፣ የሚውጧቸውን ክኒኖች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዘው ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ።