ጥፍር ሥር ሲያመረቅዝ ምን እናድርግ?

በማቻከል ወረዳ፣ አማኑኤል ዙሪያ ላለ ገበሬ እጅ የሚያርፍበት ወቅት ጥቂት ነው። በክረምት ጤፉን በጣቱ ሲያርም ይውላል፤ ድንች ሲወጣ አፈሩን ይፈለፍላል፤ መኸር ሲደርስ ማጭድ ይጨብጣል። እናቶችና እኅቶች ደግሞ ሊጥ ሲያቦኩ፣ ጋን ሲያጥቡ፣ ልብስ ሲያሹ እጃቸው ከውኃ አይወጣም። በዚህ ሁሉ መሀል ጥፍር ዳር ያለችው ስስ ቆዳ ትላጣለች፣ ወይም እሾህና የአገዳ ስንጣሪ ይወጋታል። ቆዳችን ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላ ጣቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሌሊቱን እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ይነሣል። ከዚያ መርፌ ወይም ወስፌ ይፈለጋል። ይህን የጻፍኩት መርፌው ከመነሣቱ በፊት እንዲነበብ ነው።

መጀመሪያ በዚያ እጅ ላይ ቀለበት ካለ ያውልቁ። እብጠቱ ከገፋ በኋላ አልወጣም ይላል፤ የደም ዝውውሩንም ያንቃል። ቀጥሎ ጣትዎን በፀሐይ ብርሃን በደንብ ይዩት። የጥፍሩ ዳር የቀላና ያበጠ ብቻ ነው ወይስ ከቆዳው ሥር ነጭ ወይም ቢጫ መግል ቋጥሯል? ለዓይን ካልለየ ቀላል መሞከሪያ አለ። የታመመውን ጣት ሆድ ከአውራ ጣትዎ ሆድ ጋር ገጥመው በቀስታ ይጫኑት። መግል ካለ ጥፍሩ ዳር ላይ ከቀላው ቆዳ ተለይቶ የሚነጣ፣ ወሰኑ የሚታወቅ ቦታ ይወጣል። ሐኪሞችም ይህን ያደርጋሉ።

መግል ከሌለ ሕክምናው እቤት ነው፤ እሱም ሞቅ ያለ ውኃ ነው። ከምንጭ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ከሆነ አስቀድመው ያፍሉት። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ቡናው ወርዶ ፍሙ ሲቀር ትንሽ ድስት መጣድ ይበቃል። ግማሽ ሊትር ለሚሆን ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ። ሲበርድ በክርንዎ ይሞክሩት፤ ክርን የቻለውን ጣት ይችለዋል። የስኳር ሕመም ኖሮበት እጁ የሚደነዝዝ ሰው ግን በራሱ እጅ አይሞክር፤ ሳያውቀው ሊቃጠል ይችላልና ሌላ ሰው ይሞክርለት።

ጣትዎን በንጹሕ ኩባያ ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል ይንከሩ፤ ሲቀዘቅዝ ሞቅ ያለ ይጨምሩበት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙት። በጨረሱ ቁጥር ውኃውን ይድፉ፤ ለማታ ተብሎ አይቀመጥም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠርገው፣ የጥፍሩ ሥር ሳይቀር እስኪደርቅ ይጠብቁና ላላ አድርገው ይሸፍኑት። ማድረቁን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እርጥብ ሆኖ የተጠቀለለ ጣት ግን ይብስበታል። ሲቀመጡም ሲተኙም እጅዎን ከፍ ያድርጉት፣ መጠዝጠዙ ይቀንሳል። ሕመሙ ካየለ አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አንድ ወይም ሁለት ፍሬ መዋጥ ይችላል፤ እስከሚቀጥለው ቢያንስ 6 ሰዓት ይቆይ፣ በ24 ሰዓትም ከ8 ፍሬ አይለፍ። ጉበቱን የሚያመው ወይም አረቄ የሚያዘወትር ሰው ሳይጠይቅ አይዋጥ።

በሁለት ቀን ውስጥ ከተሻለው በዚሁ ይቀጥሉ። ካልተሻለው ወይም መግል ከቋጠረ ጤና ጣቢያ የሚኬድበት ጊዜ ነው። እስከ ገበያ ቀን ልጠብቅ አይባልም።

እቤት ማፍረጥን በብርቱ የምቃወመው ያለ ምክንያት አይደለም። መርፌና ምላጭ በእሳት ቢለበለቡም የሚወጋው ሰው የት ድረስ እንደሚገባ አያይም፤ መግሉ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ወደ አጥንቱና ወደ ጅማቱ ሊደርስ ይችላል። ቁስል ላይ እበት ወይም አፈር መለጠፍ ደግሞ መንጋጋ ቆልፍን መጋበዝ ነው፤ የዚህ በሽታ ተሐዋሲ የሚኖረው አፈርና የከብት እበት ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን እንዳስወገደች የተመሰከረላት እናቶች ስለተከተቡ ነው። ቀኑን ሙሉ አፈር ሲምስ የሚውለው ወንድ ግን በዚያ ክትባት ውስጥ አልነበረም። ጣትዎ ከቆሰለ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልግዎ እንደሆነ ባለሙያውን ይጠይቁ። ካፕሱል ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስም አይጠቅምም፤ ዱቄቱ መግሉ ያለበት ቦታ አይደርስም።

ጤና ጣቢያ የሚደረገው ብዙ የሚያስፈራ አይደለም። ባለሙያው ጣቱን ያጸዳል፣ እንደ አስፈላጊነቱ በመርፌ ያደነዝዛል፣ ከዚያ በጸዳ መሣሪያ ቆዳውን ከጥፍሩ ላይ ቀስ አድርጎ ያነሣና መግሉን ያስወጣል። ሕመሙ ወዲያው ይቀላል። መግሉ በደንብ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ኪኒን አያስፈልግም፤ ስለዚህ ኪኒን አልተሰጠኝም ብለው አይዘኑ፣ ከመድኃኒት ቤትም በራስዎ አይግዙ። ከታዘዘልዎት ደግሞ ቢሻልዎትም ሳያቋርጡ ይጨርሱ። ጥፍሩን የሚበላ ወይም ጣቱን የሚጠባ ልጅ ከሆነ ይህን ለባለሙያው መንገር አይርሱ፤ ከአፍ የሚመጣው ባክቴሪያ ሌላ ስለሆነ መድኃኒቱም ሊለይ ይችላል።

የማይበጣ ዓይነትም አለ። ጣቱ ላይ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ፊኛዎች ተጠጋግተው ከወጡና የሚያቃጥሉ ከሆነ፣ ምክንያቱ ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ቢበጣ ይብሳል እንጂ አይድንም፤ ለሌላ ሰውም ይተላለፋል። ሳይነካኩት ሸፍነው ለባለሙያ ያሳዩት።

አሁን ደግሞ ቀን የማይሰጠውን ልንገርዎ። የጣቱ ጫፍ ሆድ ድረስ አብጦ ከጠነከረ፤ ጣቱ በሙሉ አብጦ ከተቆለመመና ሲያቀኑት እስከ መዳፍ የሚያስጮህ ከሆነ፤ ቀይ መስመር በክንድ ላይ ሽቅብ ከወጣ፤ ብብት ውስጥ ንፍፊት ካበጠ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ በዚያው ዕለት ይሂዱ። አማኑኤል በዋናው መንገድ ላይ ናት፤ ጤና ጣቢያው ሪፈር ካለዎት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። የጅማት ልባስ ውስጥ የገባ መግል ጣትን ለዘለቄታው ሊያደርቅ ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው እነዚህን ምልክቶች አይጠብቅ፤ ጣቱ እንደቀላ ይታይ።

ከ6 ሳምንት በላይ የቆየው ሕመም ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘውም ሴቶችን ነው። መጠዝጠዙ ያን ያህል አይደለም፤ ነገር ግን የጥፍሩ ዙሪያ እንዳበጠ ይኖራል፣ ስሱ ቆዳ ከጥፍሩ ይለቃል፣ ጥፍሩ ይሰረጎዳል። ብዙዎች ኪኒን ይገዛሉ፤ አይሠራም፣ ምክንያቱም ዋናው ጠላት ውኃ፣ ሳሙናና በረኪና ናቸው። ፈንገሱም የሚገባው እነሱ ቆዳውን ካላቀቁት በኋላ ነው። መፍትሔው እጅን ማድረቅ ነው። ለማጠብ የላስቲክ ጓንት፣ ከውስጡም ስስ የጥጥ ጓንት ማድረግ፤ ከሥራ በኋላ እስከ ጥፍር ሥር ማድረቅና ቫዝሊን መቀባት፤ ጥፍር ዳር ያለውን ቆዳ አለመግፋትና አለመቁረጥ። ባለሙያ ደግሞ ቁጣውን የሚያበርድ ቅባት ሊያዝ ይችላል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ፣ የተበላሸው ተገፍቶ ጤነኛው እስኪተካው እስከ 6 ወር ይፈጃል፤ ቶሎ አልተለወጠም ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

እጇን ከውኃ እንድታርቅ የተነገራት እናት ግን ብቻዋን አትችለውም። ሊጡም ልብሱም ዕቃውም ይጠብቃታል። እስክትድን ድረስ ባሏና ልጆቿ የማጠቡን ሥራ ይረከቧት፤ ያለዚያ የትኛውም ቅባት አያድናትም።