ደሟን የምትሰውር እንቁራሪት

በክረምት ምሽት ከላሊበላ ወጣ ብሎ በላስታ ደጋ ውሃ ባቆረ ሣር ዳር የቆመ ሰው የእንቁራሪት ድምፅ ይሰማል፤ ባትሪ አብርቶ ሲፈልግ ግን ሣሩን እንጂ እንቁራሪቷን ለማየት ይቸገራል። አንድን ነገር የምናየው ከእርሱ የተነሣ ብርሃን ከዓይናችን ሲደርስ በመሆኑ፣ መደበቅ የፊዚክስም ጥያቄ ነው። ለመሆኑ እንስሳ ከብርሃን የሚሰወረው እንዴት ነው?

አንዱ መንገድ ብርሃኑን በአካል ውስጥ ማሳለፍ ነው። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የሚኖሩት፣ ከ150 በላይ ዝርያዎች ያሏቸው የመስታወት እንቁራሪቶች በዚህ ይታወቃሉ። በብዙዎቹ የሆድ ዕቃቸው በቆዳቸው አልፎ ይታያል።

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ቀላል ሙከራዎች ይበቃሉ። በነጭ ወረቀት ላይ ዘይት ጠብ ብናደርግ ያ ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። ብርሃን በወረቀቱ ቃጫና በመካከሉ ባለው አየር ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ስለሚለያይ በየወሰኑ እየተሰበረ ይበተናል፤ ዘይቱ አየሩን ሲተካ ልዩነቱ ይቀንሳል፣ መበተኑም እንዲሁ። ቀጥለን በጨለማ የባትሪ ብርሃን በጣታችን ብንሸፍን ጣቱ ቀልቶ ይታያል። ደም አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ብርሃን አጥብቆ ይመጥጣል፤ ቀዩን በአብዛኛው ያሳልፋል።

የእንቁራሪቷ ችግር ይኸው ነው፤ በአረንጓዴ ቅጠል ላይ ደም ያጋልጣታል። ካርሎስ ታቦአዳ፣ ጄሲ ዴሊያና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት መፍትሔዋን ገለጡ። ሃይሊኖባትራኪየም ፍላይሽማኒ የተባለችው ዝርያ ቀን ስትተኛ 89 በመቶ ያህሉን ቀይ የደም ሕዋሷን በጉበቷ ውስጥ ታከማቻለች፤ ብርሃን አሳላፊነቷም ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይጨምራል። ጉበቷን የሸፈኑት ክሪስታሎች ብርሃን ስለሚመልሱ የተከማቸው ደም አይታይም። ይህን ያህል ሕዋስ ተጨናንቆ ደሟ አለመርጋቱ ደግሞ ለሕክምና ምርምር ትልቅ ጥያቄ ከፍቷል።

የአገራችን የደጋ ሣር እንቁራሪቶች መንገድ ሌላ ነው። ቆዳቸው ብርሃን አያሳልፍም። ሆኖም በፕቲካዴና ወገን ብዙዎቹ በጀርባቸው መካከል የሚወርድ ደማቅ መስመር አላቸው፤ መስመሩ የሣር ቅጠል መስሎ የአካላቸውን ቅርጽ ለሁለት ይከፍለዋል።

ከሳይንስም ለረጅም ጊዜ ተሰውረው ቆይተዋል። በጥቂት ስሞች ይጠሩ የነበሩት የፕቲካዴና ኖይማኒ ዘመዶች ከአሥር በላይ ዝርያዎች መሆናቸውን የዘረመል ጥናት አሳይቷል። አንዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ፕቲካዴና አምሃረንሲስ ተብላ በአማራ ምድር ስም ተሰይማለች። ስም ያላገኘ ዝርያ መኖሪያው ረግረግ ቢታረስ ወይም ቢደርቅ መጥፋቱን እንኳ የሚመሰክርለት የለም።

ከብርሃን የተሰወረች እንቁራሪት ግን በድምፅዋ ትታወቃለች። የወንዶቹ ጥሪ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን በክረምት ዕረፍት ወደየቀያቸው ሲመለሱ ድምፁን በስልካቸው ቀድተው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ቢመዘግቡ፣ ዓይን ያላየውን ለመቁጠር ጥሩ ጅምር ይሆናል።